ትምህርት አሥራ አንድ፦ ምክንያትንና ውጤትን የሚያሳይ አንቀጽ

አንድ ነገር ለምን እንደ ሆነና ምን እንዳስከተለ የሚያስረዳ አንቀጽ የምክንያትና የውጤት አንቀጽ ይባላል። ሁለቱን የሚያያይዙት «ስለ፣ ምክንያቱም፣ ስለዚህ፣ በመሆኑም» የመሳሰሉት ቃላት ናቸው። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ፍቅርና ጤና

ሕፃን ልጅ ለመኖር ምግብና ንጽሕና ብቻ ይበቁታልን? ሬኔ ስፒትስ የተባሉ ሐኪም በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለት ተቋሞችን አነጻጸሩ። በአንደኛው፣ እስረኛ እናቶች ልጆቻቸውን ራሳቸው ይንከባከቡ ነበር። ሁለተኛው የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር፤ ምግቡ በቂ፣ ቤቱም ንጹሕ ነበር። ሆኖም አንዲት ሞግዚት ስምንት ያህል ሕፃናትን ትጠብቅ ስለ ነበር፣ አቅፎ የሚያጫውታቸው አልነበረም። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ91 ሕፃናት 34ቱ ሞቱ። በእስር ቤቱ ግን አንድም ሕፃን አልሞተም።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ወገኖች በሌላም ነገር ሊለያዩ ስለሚችሉ ክርክር ተነሣ። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሃሪ ሃርሎው እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጡት ጥናት ነገሩን በሌላ መንገድ ፈተነው። ከእናቶቻቸው ለተለዩ የጦጣ ግልገሎች ሁለት ሰው ሠራሽ እናቶች ቀረቡላቸው፤ አንዷ የሽቦ፣ ሌላዋ ለስላሳ ጨርቅ የለበሰች ነበረች። ወተቱ ከሽቦዋ ሲገኝ እንኳ ግልገሎቹ ለመጥባት ብቻ ወደ እርሷ እየሄዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጨርቅ የለበሰችውን ተጠምጥመው ዋሉ። በመሆኑም ግልገል እናቱን የሚወደው ስለምታጠባው ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ጸንቶ ሊቆም አልቻለም።

ማብራሪያ

የመጀመሪያው ማስረጃ ምልከታ ነው። ምልከታ ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸውን ያሳያል እንጂ፣ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን ብቻውን አያረጋግጥም። ሁለተኛው ሙከራ ነው፤ ምግብን ከእቅፍ ለይቶ ይፈትናል። ነገር ግን የተደረገው በጦጣ ላይ ስለ ሆነ፣ ስለ ሰው ስትጽፉ «ያመለክታል» እንጂ «አረጋገጠ» አትበሉ። አንድ ግሥ ብቻ እውነቱን ሊያሳንሰው ወይም ሊያጋንነው ይችላል።

መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ ምክንያትን ከውጤት ያያያዙትን ቃላት አውጥታችሁ ጻፉ።
2. «ሕፃናቱ የሞቱት ስላልታቀፉ ብቻ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከማስረጃው ያለፈው እንዴት ነው? አስተካክላችሁ ጻፉት።
3. ጠያቂ ዘመድ ያላቸውንና የሌላቸውን ሁለት አረጋውያን ኑሮ በማነጻጸር አንድ አንቀጽ ጻፉ። ለአንድ ውጤት ብዙ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል አትዘንጉ።