ስብን በቱቦ ማስመጠጥ፤ ጥቅሙና ጉዳቱ

ቦርጭን የድሎት ምልክት አድርጎ ማየት የቈየ ልማድ ነው። ዛሬ ግን ስቡን ለማስወገድ የሚሻው ሰው ብዙ ስለ ሆነ፥ ስብን በቱቦ የማስመጠጥን ኦፕራሲዮን ጥቅምና ጉዳት በዚህ ወር እንመዝናለን።

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ ይገባዋል። በሰውነታችን ያለው ስብ በሁለት ስፍራ ይገኛል። አንደኛው ከቆዳ በታች ተነጥፎ በጣት የሚቈነጠጠው ነው። ሁለተኛው በሆድ ዕቃ ውስጥ አንጀትን ከብቦ የሚገኘው ነው፤ ይኸውም በከብት ላይ ሞራ የምንለው ነው። ቱቦው የሚደርሰው ከቆዳ በታች ካለው ብቻ ሲሆን፥ ለስኳርና ለልብ በሽታ ይበልጥ የሚያጋልጠው ግን ሞራው ነው።

የሥራው ታሪክ

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1920ዎቹ ዓመታት ሻርል ዱዣሪዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የአንዲትን ወጣት እግር ለማቅጠን ስቡን ፍቆ ቢያወጣ፥ ሥጋው ሞቶ እግሯ ተቈረጠ። በ1970ዎቹ ግን በሮም ጆርጆ ፊሸር፥ በፓሪስም ኢቭ ዤራር ኢሉዝ በቀጭን ቱቦ መምጠጥን ጀመሩ። በ1987 ጄፍሪ ክላይን የተባለ አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም ማደንዘዣና የደም ሥርን የሚያጠብ መድኃኒት የተቀላቀለበትን ብዙ ጨውማ ውሃ አስቀድሞ ከቆዳ በታች መውጋትን ስላስታወቀ፥ የሚፈሰው ደም እጅግ ቀነሰ።

ጥቅሙ

ሥራው በአግባቡ ሲፈጸም ጥቅም የለውም አንልም። ክብደቱ ጤናማ ሆኖ ሳለ የዳሌው፥ የጭኑ ወይም የአገጩ ሥር ስብ አልወርድ ያለው ሰው ቅርጹን ያስተካክልበታል። በአንዳንድ ሴቶች እግር ላይ ያለ ልክ ተከማችቶ የሚያሳምመውን ስብ ለማቃለልም ይረዳል። ቀዳዳው ጥቃቅን ስለ ሆነ ጠባሳው ብዙ አይታይም።

ነገር ግን የውፍረት መድኃኒት አይደለም። በሴንት ልዊስ ከተማ የሚሠሩ የአሜሪካ ሊቃውንት በ2004 እንዳስታወቁት፥ ከ15 ወፍራም ሴቶች በአማካይ 10 ኪሎ ያህል ስብ ከወጣ በኋላ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ቈይተው ቢመረምሯቸው፥ የደም ግፊታቸውም ሆነ በደማቸው ያለው ስኳርና ስብ አልተሻሻለም። በምግብ ቍጥብነትና በእንቅስቃሴ የሚከሳ ሰው ግን ሞራውም አብሮ ይቀንስለታል። ደግሞም ከኦፕራሲዮን በኋላ ያለ ልክ የሚበላ ሰው የቀረው ስብ ስለሚያድግ እንደ ገና ይወፍራል።

ጉዳቱ

እብጠት፥ መበለዝ፥ መደንዘዝና የቆዳ መጐድጐድ ከቀላሎቹ ይቈጠራሉ። ሕይወትን የሚነኩት ግን እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፥ የረጋ ደም ወይም የስብ ጠብታ ወደ ሳንባ ሄዶ የደም ሥርን ሊደፍን ይችላል።

ሁለተኛ፥ ቱቦው የሆድን ግድግዳ አልፎ አንጀትን ሊበሳ ይችላል።

ሦስተኛ፥ ማደንዘዣው ከመጠን ቢያልፍ አንጐልንና ልብን ይመርዛል።

አራተኛ፥ በንጽሕና ጕድለት ቍስሉ ያመረቅዛል።

በ1990ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ስለ ተሠሩት በተደረገ ጥናት፥ ከ5,000 ታካሚዎች አንድ ያህል መሞቱ ተገልጧል። የሚወጣው በበዛ ቍጥር አደጋው ስለሚበዛ፥ ከ5 ሊትር በላይ የሚወጣለት ሰው ሆስፒታል አድሮ መጠበቅ ይገባዋል።

ለአንባቢዎቻችን ምክር

ለመሠራት ያሰበ ሰው ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና የሠለጠነ መሆኑን፥ የማደንዘዣ ባለሙያ መኖሩን፥ ድንገተኛ አደጋ ቢደርስም ሆስፒታሉ ለመርዳት የሚችል መሆኑን ሳያፍር ይጠይቅ። የልብ ሕመም ወይም የስኳር በሽታ ያለበት፥ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፥ ሲጋራም የሚያጤስ ሁሉን ለሐኪሙ ይግለጥ። ነፍሰ ጡር ሴት ልትሠራው አይገባትም። በውጭ አገር የተሠራም ሐኪሙ ሳይፈቅድለት በአውሮፕላን ረጅም ጕዞ አያድርግ፤ ለብዙ ሰዓት መቀመጥ ደምን ያረጋልና። ከሥራው በኋላ ትንፋሽ ቢያጥር፥ ትኵሳት ቢነሣ፥ አንድ እግር ቢያብጥ ወይም ሆድ ክፉኛ ቢያም፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ሚዛኑ ይህ ነው፤ ኦፕራሲዮኑ ቅርጽን ያስተካክላል እንጂ ጤናን አይገዛም። ጤና አገኛለሁ ብሎ ወደዚህ ሥራ መግባት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነውና፥ ወፍራም የሆነ ሰው አስቀድሞ ከማዕዱና ከእግር ጕዞው እንዲጀምር እንመክራለን።