የምገዛው ቤት ውስጥ ተከራይቼ ልግባ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለመግዛት ተስማምቼ ቀብድ ከፍያለሁ። የባንክ ብድሩና የስም ዝውውሩ ወራት ስለሚፈጅ፣ ሻጩ «እስከዚያው ተከራይተህ ግባ» አለኝ። ብገባ ችግር አለው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መግባቱ ክፋት የለውም። የሚያሳስበኝ ገዢነትዎና ተከራይነትዎ እንዳይደባለቁ ነው። ቤት በሕጋችን ወደ ገዢ የሚተላለፈው በመዝገብ ስለሆነ፣ ቁልፍ መረከብ ብቻውን ባለቤት አያደርግዎትም። ሽያጩ ቢፈርስ «በየወሩ የሰጠሁት የዋጋው አካል ነው»፣ «የለም፣ ኪራይ ነው» የሚል ክርክር የሚነሣውም ከዚህ ነው።

ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ውሎች ይጻፉ። የሽያጩ ውል በሰነዶች ማረጋገጫ ይረጋገጥ፤ የኪራዩ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ። አዋጁ ከ2 ወር ኪራይ በላይ በቅድሚያ ማስከፈልን ስለሚከለክል፣ ሻጩ የስድስት ወር ቢጠይቅዎ አይስማሙ። ኪራዩ ከዋጋው የሚቀነስ ከሆነ በሽያጩ ውል ላይ በግልጽ ይስፈር። ሽያጩ ቢቀር ቤቱን መቼና እንዴት እንደሚለቁም እንዲሁ። ስለ ቀብዱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ እርስዎ ውሉን ከተዉ ይቀርብዎታል፤ ሻጩ ከተወ እጥፉን ይመልሳል።

ስሙ ሳይዛወር ግን እባክዎ ሴራሚክ አያስቀይሩ፣ ግድግዳም አያስፈርሱ። ያወጡትን ገንዘብ ማስመለስ አድካሚ ነው።

ቤቱ የውርስ ከሆነ፣ ዕዳ ወይም እገዳ ካለበት፣ ወይም የሻጩ የትዳር ጓደኛ ካልፈረሙ (የጋራ ቤት ያለሁለቱም ስምምነት አይሸጥም)፣ ምንም ተጨማሪ ገንዘብ ሳይከፍሉ ጠበቃ ያማክሩ።