ኤክስፖርት ከማለትሽ በፊት

ቆዪ ሚጣዬ፣ መስኮቱን አትዝጊው። የጻፍሽው ስህተት የለበትም። «ኤዲተር=ናኖ» ብለሻል፤ ከስሙ ፊት የዶላር ምልክት አድርገሽ በኤኮ ስትጠይቂው «ናኖ» ብሎ መልሶልሻል። ጊት ግን ያው ቪአይን ከፈተብሽና መውጫው ጠፋሽ። (ኢስኬፕን ተጫኚ፤ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ኪው እና ቃለ አጋኖ፤ በመጨረሻ ኢንተር። አይዞሽ፣ ሁሉም ሰው ያልፍበታል።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ሼሉ ለራሱ ብቻ የሚያውቃቸው ቫሪያብሎች አሉት፤ ከእሱ ለሚነሱ ፕሮግራሞች የሚያስተላልፋቸው ደግሞ ሌሎች ናቸው። ኢንቫይሮንመንት የሚባሉት እነዚህ የሚተላለፉት ብቻ ናቸው። አንቺ የጻፍሽው ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው። ኤኮን ስትጠይቂ ስሙን በዋጋው የሚተካው ሼሉ ራሱ ስለሆነ መልስ ታገኛለሽ። ጊት ግን ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ማን ነግሮት ይወቅ? አሁን «ኤክስፖርት ኤዲተር=ናኖ» በዪና ድገሚው። አየሽ? ከእንግዲህ ስትጠራጠሪ ኤኮን ትተሽ «ኢንቭ» ብለሽ ጻፊ፤ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚደርሳቸውን ዝርዝር የሚያሳይሽ እሱ ነው።

የሚተላለፈው ግን ቅጂ ነው፤ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ተመልሶ አይወጣም። ኤክስፖርቶችሽን በስክሪፕት ጽፈሽ ስታስኬጂው ምንም ያልተለወጠልሽም ለዚህ ነው። ስክሪፕቱ የራሱ ሼል ይነሳለታል፣ እዚያ ይለውጣል፣ ሲጨርስ ከነለውጡ ይጠፋል። «ሶርስ» ብለሽ ከጠራሽው ግን እዚሁ አሁን ባለሽበት ሼል ውስጥ ይነበባል። ኮምፒውተርሽ እየተተናኮለሽ እንዳይመስልሽ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው ሰባተኛው ዩኒክስና ከስቲቨን ቦርን ሼል ጀምሮ ሥራው እንዲህ ነው።

መስኮቱን ስትዘጊ ኤክስፖርቱም አብሮ ይሄዳል። እንዲቆይልሽ ከፈለግሽ ሼሉ ሲነሳ በሚያነበው ፋይል ውስጥ ጻፊው። ያንቺ ኡቡንቱ ስለሆነ ሼሉ ባሽ ነው፤ ፋይሉም ሆም ፎልደርሽ ውስጥ ያለው፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምረው ባሽአርሲ ነው። ማክ ከ2019ኙ ካታሊና ወዲህ ዚሼልን ይዞ ስለሚመጣ የእሱ ፋይል ሌላ ነው። መመሪያ ከመቅዳትሽ በፊት ለየትኛው ሼል እንደተጻፈ እዪ።

አሁን ወደ ፓዝ። እዚህ ጋ እጅሽን ያዝ አድርጊ። ፓዝ ሼሉ ትእዛዞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ነው፤ በሁለት ነጥብ ይለያያሉ፣ ከፊት ያለው ቀድሞ ይታያል። «ፓዝ=» ብለሽ አዲሱን ፎልደር ብቻ ከጻፍሽ የድሮው ዝርዝር ይጠፋና ኤልኤስ እንኳ «አልተገኘም» ይባላል። አትደንግጪ፤ ፕሮግራሞቹ ቦታቸው ላይ ናቸው፣ ሼሉ ነው የት እንደሚፈልጋቸው ያጣው። አዲስ መስኮት ክፈቺ፣ ይመለሳል። ባሽአርሲ ውስጥ ጽፈሽው ከሆነ ግን አዲሱም መስኮት ያው ስለሚሆን ናኖን በሙሉ አድራሻው፣ «/ዩኤስአር/ቢን/ናኖ» ብለሽ ጠርተሽ ፋይሉን አርሚ።

ትክክለኛው አጻጻፍ የድሮውን ይዞ ይጨምራል፦ «ኤክስፖርት ፓዝ="$ፓዝ:$ሆም/ቢን"»። ዶላሩ ዋጋውን በምታነቢበት በኩል ብቻ እንዳለ ልብ በዪ፤ ከእኩል ምልክቱ በስተግራ የለም። ጥቅሱም ድርብ ይሁን፤ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ሼሉ ዶላሩን ሳይተረጉም ፊደሉን እንዳለ ይወስደዋል። ከእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ አታስገቢ፤ ያለ ኤክስፖርት ስትጽፊው ካስገባሽ ስሙን እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ ሊያስኬደው ይሞክራል። የእነዚህን ቫሪያብሎች ስምም በትልልቁ ፊደል ጻፊ፤ ሼሉ ትልቁን ከትንሹ ይለያል።

ሁሉን ነገር ኤክስፖርት ማድረግ ደግሞ አያስፈልግሽም። ዋሽንግተን ያለችው አክስታችን ተኝታ እንደሆነ ለማወቅ «ቲዜድ=አሜሪካ/ኒውዮርክ ዴት» ብትዪ ይበቃል፤ ዋጋው ለዚያች አንድ ትእዛዝ ብቻ ይሠራና ቀጣዩ ዴት የአዲስ አበባን ሰዓት ይሰጥሻል። የከተማዋን ስም ግን ደግመሽ እዪው። ሊኑክስ ላይ ብትሳሳቺ ዴት ስህተት ነው አይልሽም፤ ዝም ብሎ የዩቲሲን ሰዓት ያወጣልሻል።

ያ የተሰጠሽ የኤፒአይ ቁልፍ ነው የሚያሳስበኝ። ተርሚናሉ ላይ በቀጥታ ከጻፍሽው ባሽ በታሪክ ፋይሉ ውስጥ ያስቀረዋል። ባሽአርሲ ውስጥ ካስገባሽው ደግሞ ከዚያ መስኮት የምታስነሺው ፕሮግራም ሁሉ ያገኘዋል። ለብቻው ፋይል ስጪው፤ በ«ሲኤችሞድ 600» ካንቺ በቀር ማንም እንዳያነበው አድርጊ፣ ጊትኢግኖር ላይ ስሙን ጻፊ፣ ስትሠሪ ብቻ ሶርስ አድርጊው። ድንገት ጊትሀብ ላይ ከወጣብሽ ፋይሉን ማጥፋት አይበቃም፤ በጊት ታሪክ ውስጥ ይቀራል። ቁልፉን ራሱን ወዲያው ሰርዘሽ ሌላ አውጪ፣ ማታም ቢሆን ደውዪልኝ፣ አብረን እናደርገዋለን።