ጥፍር ሥጋ ሲወጋ፦ ቀጠሮው እስኪደርስ ሰብር እንዴት ነው?



 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንዲት የእግር ጣት ነው። እንዳትስቁ። ያመማችሁ ታውቁታላችሁ።

በቅርቡ እዚሁ ሽንዲ ውስጥ ከሶላት በኋላ አንድ ወጣት ሰው እስኪወጣ ጠብቆ ቀረበኝ። «ኡስታዝ፣ ተሸሁድ ላይ ቀኝ እግሬን ማቆም አቃተኝ፤ ሶላቴ ይበላሽብኛል?» አለኝ። ካልሲውን አውልቅ አልኩት። አውራ ጣቱ ቀልቷል፣ አብጧል፤ የጥፍሩ ጠርዝ ሥጋው ውስጥ ገብቶ በጎኑ መግል ቋጥሯል። ጤና ጣቢያ ሄዶ ነበር። ወደ ቡሬ ሪፈር ጽፈውለታል፤ ቀጠሮው ግን ገና ነው። «እስከዚያ ምን እያደረግክ ነው?» ስለው፣ «ሰብር እያደረግኩ ነው» አለኝ። ሰብር ያለው ግን በዚያው ጠባብ ጫማ መዋልን፣ ማታ ማታ ደግሞ ጣቱን በመርፌ መጎርጎርን ነበር።

አልተቆጣሁትም። እኔም በመድረሳ ሳለሁ ያው ነበርኩ። በጠበበኝ ጫማ አንድ ክረምት ሙሉ ተመላለስኩ፤ ጣቴ ሲያመኝ ጓደኛዬ በምላጭ ጠርዙን ቆረጠልኝ። ሁለት ቀን ቀለል አለኝ፤ በሦስተኛው ሌሊት ግን ሲጠዘጥዘኝ አደረ። ለማንም አልተናገርኩም። የደረሳ ወግ ነው፤ ለእግር ጣት ማልቀስ ነውር ይመስለን ነበር። በመጨረሻ ያስተማሩኝ ሸኽ ስሄድ እያነከስኩ አዩኝና ጫማዬን አስወልቀው ተመለከቱኝ። «ልጄ፣ ይህ ድብብቆሽ እንጂ ሰብር አይደለም» አሉኝ። ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ታዲያ ሰብር የትኛው ነው?

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪይ (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ስለወጡበት አንድ ዘመቻ ያወራሉ። ለስድስት ሰው አንድ ግመል ነበረች፤ በተራ ይፈናጠጡባት ነበር። ከመንገዱ ብዛት እግራቸው ተላጠ፤ የአቡ ሙሳ የእግር ጥፍሮች ወለቁ። እግራቸውን በጨርቅ ቁራጭ እየጠቀለሉ ተጓዙ። ዘመቻው «ዛቱ-ር-ሪቃዕ» የተባለውም በእነዚያ ጨርቆች ምክንያት ነው ይላሉ። አቡ ሙሳ ይህን ከተናገሩ በኋላ ግን መናገራቸውን ጠሉት፤ ለአላህ ብለው የሠሩትን ሥራ ይፋ ያወጡ መስሏቸው።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ ሶሓቦቹ እግራቸውን ዝም ብለው አልተውትም። ሐኪም የለም፤ ጨርቅ ግን አለ፤ ያለውን ተጠቀሙ። ሁለተኛ፣ ከጉዞው አልቀሩም፤ የሚችሉትን ያህል ተራመዱ። ሦስተኛ፣ ሕመማቸውን ለዝና አላወሩትም። እንግዲህ ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ሰብር ይኸው ነው፦ በእጅህ ያለውን ሰበብ ማድረስ፣ ዒባዳህን በአቅምህ መያዝ፣ ምላስህን መጠበቅ። በየተራ እንያቸው።

መጀመሪያ ሰበቡን ማድረስ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል፤ አላህ በሽታን ያለ መድኃኒት እንዳላወረደም ነግረውናል። ከሐኪም ቀጠሮ በፊት ያሉት ቀናትም ከዚህ ትእዛዝ ውጭ አይደሉም።

እግራችሁን ለብ ባለ የጨው ውኃ በሳፋ ዘፍዝፉ፤ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ውኃው ሥጋውን ያለሰልሳል፣ መግሉንም ያጥባል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ አድርቁ፤ በጣቶቹ መሐል ያለውን እርጥበትም አትርሱ። ጎዝ ካገኛችሁ አላልታችሁ ሸፍኑት፤ በየቀኑም ቀይሩት። ስትቀመጡና ስትተኙ እግራችሁን ከፍ አድርጉ። የሌሊቱ መጠዝጠዝ የሚብሰው እግር ወደ ታች ሲንጠለጠል ነውና። ሕመሙ ከጠና ፓራሲታሞል በታዘዘው ልክ ይወሰዳል።

ጫማውን ቀይሩ። ጠባብ ጫማም፣ እግርን የሚያልበው ኮንጎም ጥፍሩን ይበልጥ ወደ ሥጋ ይገፉታል። ሰፋ ያለ ሰንደል ወይም ከፊት ክፍት የሆነ ነጠላ ጫማ ይሻላል። ከእኛ አገር ሰው ብዙው ግን ጫማው ሲያመው ጨርሶ አውልቆ በባዶ እግሩ በቆሎና በርበሬ ማሳ ውስጥ ይገባል። ይህ ሌላ አደጋ ነው። ክፍት ቁስል አፈር ሲነካው መንጋጋ ቆልፍ ሊያስከትል ይችላል፤ ክትባታችሁን ካልጨረሳችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ጠይቁ። በጎጃም ደጋ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት እንደሚያመጣም ታውቃላችሁ።

የማይደረገውን ደግሞ ስሙኝ። በምላጭ፣ በመርፌ፣ በጥፍር መቁረጫ ጫፍ አትጎርጉሩ። ጠርዙን በቆረጣችሁ ቁጥር የተረፈው ስባሪ እንደ እሾህ ሆኖ መልሶ ይበቅላል፤ እኔን ያገኘኝ ይኸው ነው። ነጭ ሽንኩርት ወቅጣችሁ አትሰሩበት፤ ቆዳን ያቃጥላል። ከጎረቤት የተረፈ ካፕሱል ፈታችሁ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ አትነስንሱ። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ቢሆንም እንኳ ብክለቱን ያበርዳል እንጂ የገባውን ጥፍር አያወጣውም። ስለዚህ ትንሽ ሲሻላችሁ ቀጠሮውን አትተዉ።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ቅላቱ ከጣት ወደ እግር ከተስፋፋ፣ ቀይ መስመር ወደ ላይ ከወጣ፣ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ከወጣ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ጣቱ ከጠቆረ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ምልክቱ ትንሽ ቢመስልም አይጠብቅ፤ እግሩ ሕመምን ሳይሰማው ሊጎዳ ይችላልና። እዚህ ላይ መዘግየት ሰብር አይባልም። አላህ የሰጠንን አካል አደራ መብላት ነው።

ሁለተኛ ዒባዳን በአቅም መያዝ

የዚያ ወጣት ጥያቄ መልስ ይኸውላችሁ። የኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ልጅ አባቱ በሶላት ውስጥ እግራቸውን አጣምረው ሲቀመጡ አይቶ እሱም እንደዚያው ተቀመጠ። ያኔ ወጣት ነበር። ኢብኑ ዑመር ከለከሉት፤ ሱናው ቀኝ እግርን አቁሞ ግራውን ማጠፍ እንደሆነ ነገሩት። «አንተስ ለምን ታጣምራለህ?» ብሎ ሲጠይቃቸው እግሮቻቸው እንደማይችሏቸው መለሱለት። ቡኻሪ ዘግቦታል። ሱናን አጥብቀው በመከተል የታወቁት ኢብኑ ዑመር እግራቸው ሲያቅታቸው በሌላ አቀማመጥ ተቀመጡ። አንተም ጣትህ እስኪድን በሚመችህ ተቀመጥ፤ ሶላትህ ልክ ነው። ስትድን ግን ወደ ሱናው ተመለስ። መቆም ያቃተው ሰው ተቀምጦ እንዲሰግድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለታመሙት ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ፈቅደዋል።

ዉዱእስ? ብዙ ጊዜ ውኃው ራሱ ጣቱን አይጎዳውም፤ ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፉ ሕክምናው ነው ብለናል። የሚጎዳው እርጥብ እግርን ካልሲና ጫማ ውስጥ መክተት ነው። ስለዚህ ታጠቡና አድርቁ። ከቀዶው በኋላ ሐኪሙ «ፋሻውን አታርጥቡ» ሲል ግን ጤነኛውን የእግር ክፍል አጥባችሁ በፋሻው ላይ በእርጥብ እጅ ታብሳላችሁ። በሻፊዒይ መዝሀብ ተየሙምም የሚጨመርበት ሁኔታ አለ፤ ዝርዝሩን በአካባቢያችሁ ያሉ ኡስታዞችን ጠይቁ።

መጠየቅ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አቡ ዳዉድ እንደዘገቡት በጉዞ ላይ ራሱን የተፈነከተ አንድ ሰው ሌሊት ትጥበት ግዴታ ሆነበት። ጓደኞቹን ሲጠይቅ ከመታጠብ ሌላ አማራጭ የለህም አሉት፤ ታጠበና ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ በጣም አዘኑባቸው፤ ካላወቁ ለምን አልጠየቁም አሉ። አላህ ያገራውን ዲን በሰው ቁስል ላይ ማክበድ ተቅዋ አይደለም።

ለጤነኞቹም አንድ ቃል አለኝ። ዛሬ ሶፍ ስትሞሉ እግር ከእግር ስታገናኙ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ተመልከቱ። ጣቱን ሰብስቦ የቆመ ካለ ቀስ በሉለት። ታማሚውም ዳር ላይ ቢቆም ከመረገጥ ይድናል።

ሦስተኛ ምላስን መጠበቅ

የጥፍር ሕመም ትንሽ ስለሚመስል ሰው አያዝንላችሁም። «ለጣት ነው እንዲህ የምትሆነው?» ይላችኋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ይቆጣል፤ እናቱ ላይ ይጮኻል፣ ቀኑን ይረግማል። እኔም በዚያ ሰሞን ምግብ ላቀረበችልኝ እህቴ የመለስኩላት ክፉ ቃል ከጣቴ ሕመም ይበልጥ ትዝ ይለኛል። ጣቴ በሳምንታት ውስጥ ዳነ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ዓመት ፈጀብኝ።

ኡሙ ሳኢብ (ረ.ዐ) ትኩሳታቸውን ሲራገሙ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሏቸው፤ ወናፍ የብረትን ዝገት እንደሚያወጣ ትኩሳትም ኃጢአትን ያወጣል አሏቸው። ሙእሚን እሾህ እንኳ ቢወጋው አላህ በሱ ምክንያት ወንጀሉን እንደሚያብስለትም አስተምረውናል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጣታችሁ ሲጠዘጥዝ ይህን አስቡ። የሚሰማችሁ እያንዳንዱ መውጋት አላህ ዘንድ አልጠፋም። እጃችሁን የሚያማችሁ ቦታ ላይ አድርጋችሁ ቢስሚላህ በሉና ዱዓ አድርጉ፤ ይህም የተገኘ ሱና ነው።

አቡ ሙሳ ታሪካቸውን ማውራት ጠሉ ብለናል። እሱ ግን ለዝና ስለ ማውራት ነው። ለሐኪም፣ ለእናት፣ ለኡስታዝ «አመመኝ» ማለት ከዚያ አይቆጠርም። ነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ) ጉዳት እንደደረሰባቸው ለጌታቸው አቤት ብለዋል፤ አላህም ታጋሽ ብሎ አወድሷቸዋል። እህቶቼ፣ በተለይ እናንተ እግራችሁን ለወንድ ሐኪም ላለማሳየት ብላችሁ አትደብቁ። ሴት ባለሙያ ካለች ጠይቁ፤ ከሌለች ለሕክምና በሚያስፈልገው ልክ ማሳየት ይፈቀዳል።

ስለ ሕክምናው የምትፈሩም አትፍሩ። ጣቱን በመርፌ አደንዝዘው ብዙ ጊዜ በጎን የገባውን ቀጭን ክፍል ብቻ ያወጣሉ፤ በዚያው ቀን ወደ ቤት ትመለሳላችሁ። ጥፍሩ በሙሉ ቢነቀል እንኳ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ሱብሓነላህ!

እንዳይመለስባችሁ ደግሞ ይህን ልማድ ያዙ። ጥፍር መቁረጥ ከፊጥራ ነው፤ ከ40 ሌሊት በላይ እንዳይቆይም ገደብ ተቀምጦለታል። የእግርን ጥፍር ስትቆርጡ ግን በቀጥታ ቁረጡት፤ ጠርዙን አታጉብጡ፣ ከሥጋው በታችም አትውረዱ። ለጁሙዓ ስትዘጋጁ ጥድፊያ ካለ ለሌላ ቀን አቆዩት።

ለዛሬ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በቤታችሁ፣ በዶርማችሁ ወይም በመድረሳችሁ እያነከሰ የሚሄድ ሰው ካለ ጫማውን አስወልቃችሁ እዩለት። ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ድረስ የሚሄድበት የትራንስፖርት ገንዘብ ካነሰው አዋጡለት። መንገድ ተዘግቶ ቀጠሮው ካለፈበት ደግሞ ውኃ አሙቁለት፣ ጎዝ ግዙለት። ሸኼ ጫማዬን ባያስወልቁኝ ኖሮ ያ ድብብቆሽ የት ያደርሰኝ እንደነበር አላህ ያውቃል።

ያ ወጣት አሁን ሰፊ ሰንደል አድርጎ ይመጣል። ዳር ላይ ይቆማል፤ ተሸሁድ ላይ እንደተመቸው ይቀመጣል። ቀጠሮውን እየጠበቀ ነው። በዱዓችሁ አትርሱት።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ምንም በሽታ የማያስቀር ሺፋ ይስጣቸው። አሚን!

ወላሁ አዕለም። መልካም ጁሙዓ!