የበረዶ ናዳ አስቀድሞ እንዴት ይታወቃል?

ውድ ተማሪዎች፣ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ስለ አልፕስ ተራሮች ስንማር ከእናንተ አንዱ «በረዶ ለስላሳ ከሆነ ሰው እንዴት ይገድላል?» ሲል ጠይቆ ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ በረዶ የምንለው ቆርቆሮ የሚደበድበውን ጠጠር ነው፤ የአልፕሱ ግን እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርድ ነው። ከመካከላችሁ ወደ ኖርዌይ ወይም ወደ ካናዳ የሚሻገር ሊኖር ስለሚችል፣ ትምህርቱ ለፈተና ብቻ አይደለም።

በተራራው ላይ በረዶ በብርዱ ወራት ደጋግሞ ይጥላል፤ በመሶብ እንዳለ እንጀራም እየተደራረበ ይቀመጣል። ንብርብሮቹ ግን ጥንካሬያቸው እኩል አይደለም። ሰማዩ በጠራበት ብርዳማ ሌሊት በበረዶው ገጽ ላይ አመዳይ ይወጣል፤ በደጋ አገራችን በኅዳር ማለዳ ሣር ላይ የሚታየው ዓይነት ነው። ስስና ተሰባሪ ነው። ሌላ በረዶ ሲጥልበት ይቀበራል እንጂ ወዲያው አይጠፋም። ከላዩ ያለው በረዶ ደግሞ በነፋስ ተጠቅጥቆ እንደ ሰሌዳ ይጠነክራል። አንድ ሰው ሲረግጠው ከሥር ያለው አመዳይ ይሰበራል፤ ስብራቱም በቅጽበት ተዳፋቱን ያዳርሳል፤ ሰሌዳው ሰውየውን ይዞ ይወርዳል።

ይህን በክፍል ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ። ጣውላ ላይ እፍኝ ማሽላ በትኑ፤ በላዩ ወፍራም መጽሐፍ አስቀምጡና ጣውላውን በአንድ ወገን ቀስ እያላችሁ አንሡ። ከዚያ ያለ ማሽላ ድገሙት። (ማሽላውን መልቀም እንዳትረሱ፤ ራሽን ነው።) መጽሐፉ ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ከሥሩ ያለው ነው።

እንዲህ ያለው ናዳ በአብዛኛው የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሆነ ተዳፋት ላይ ነው፤ በተለይም 38 ገደማ። እጅግ ቀጥ ባለ ገደል ላይ በረዶው ብዙ ሳይከማች ይረግፋል። ሜዳ ላይ የሚሄድ ሰውም ቢሆን ከበላዩ ተዳፋት ካለ ናዳው ሊደርስበት ይችላል።

አዋቂዎች በረዶውን በአካፋ ቆፍረው ንብርብሩን ይመረምራሉ። ወርዱም ጎኑም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዓምድ ከዙሪያው ይለያሉ። አካፋውን በላዩ አጋድመው 10 ጊዜ ከእጅ አንጓ፣ 10 ጊዜ ከክርን፣ 10 ጊዜ ከትከሻ ይመቱታል። ዓምዱ በጥቂት ምት ተቆርጦ ከተንሸራተተ አደጋ አለ። ጸንቶ ከቆመስ? ይህ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ 20 እርምጃ አለፍ ብሎ ያለው በረዶ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተራራው ራሱ የሚሰጠው ምልክት ይበልጣል፦ በአቅራቢያ ትኩስ ናዳ መታየቱ፣ በረዶው ሲረገጥ «ውፍ» ብሎ ዝቅ ማለቱ፣ ከእግር ሥር ስንጥቅ መሮጡ። ብዙ በረዶ ከጣለ ወይም ብርቱ ነፋስ ከነፈሰ ገና አንድ ቀን ከሆነ፣ ሰማዩ መጥራቱ አያታልላችሁ።

የአውሮፓ አገሮች ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አደጋውን በ5 ደረጃ ያስታውቃሉ። በስዊዘርላንድ ይህን የሚያደርገው በዳቮስ ያለው የበረዶ ምርምር ተቋም ነው። «ከ5 3» ሲባል ማለፊያ ነጥብ ይመስላል። አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሞተው በዚሁ በ3ኛው ደረጃ ነው። 5 ሲባል ሰው ፈርቶ ቤቱ ይቀመጣላ!

ሰው ከሚጎዳባቸው ናዳዎች 90 በመቶ ያህሉን የሚያስነሣው ተጎጂው ራሱ ወይም ጓደኛው ነው። ስለዚህ አጠራጣሪ ተዳፋት አንድ በአንድ ይታለፋል፤ ሌሎቹ ቆመው ይጠብቃሉ። በረዶው ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ስለሚጠነክር የተቀበረ ሰው ራሱን ማውጣት አይችልም። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተስፋው ይመነምናል።

መልመጃ፦ በፕሮትራክተር መካከለኛ ነጥብ ላይ ጠጠር ያንጠለጠለ ክር እሰሩ። ቀጥተኛ ጎኑን በተዳፋቱ አቅጣጫ ስትይዙት ሜዳ ላይ ክሩ 90 ላይ ያርፋል። 52 ላይ ቢያርፍ ተዳፋቱ ስንት ዲግሪ ነው? በረዶ ቢኖርበት ትሻገሩታላችሁ? ምክንያታችሁን ጻፉ።