ከግድባችን ግርጌ ውኃ ይፈልቃል

ጥያቄ፦ በዋግ ኽምራ ለመስኖ የምንጠቀምበት አነስተኛ የአፈር ግድብ ከክረምቱ ወዲህ ከግርጌው ውኃ ያፈልቃል። ያሰጋል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የአፈር ግድብ ጥቂት ማስረጉ አይቀርም፤ እንዲያውም የሰረገው ውኃ ከታች ያሉ ጉድጓዶችን ይመግባል። ወሳኙ መልኩ ነው። በብርጭቆ ቀድተው ይመልከቱት። ጥርት ያለና መጠኑ የማይጨምር ከሆነ በየሳምንቱ እየለኩ ይመዝግቡ። ከደፈረሰ ግን ውኃው የግድቡን አፈር ከውስጥ እየሸረሸረ ነው፤ እንዲህ ያለው ግድብ በሰዓታት ውስጥ ሊናድ ስለሚችል፣ ከታች ያሉ ሰዎችና ከብቶች ወዲያው ይራቁ፤ የወረዳው የመስኖ መሐንዲስም ሳይውል ሳያድር ይጠራ። እባክዎ ምንጩን በጭቃ አይድፈኑት፤ ግፊቱ ይብሳል። የትርፍ ውኃ ማስወገጃውንም ከክረምት በፊት ከደለልና ከቁጥቋጦ ያጽዱ።