ሳይርቅ በቅርቡ፦ አሮጌ ጃንጎ ለተረከበ ልጄ

ልጄ፣ ጃንጎ በተባለው የፓይተን ፍሬምወርክ የተሠራ አንድ ሲስተም ተረክበሃል። «ስሪቱ ያረጀ ነው» ብለኸኝ ቁጥሩን ሳትነግረኝ ሄድህ። ቁጥሩ ግን የነገሩ ሁሉ መነሻ ነው። በዚሁ መንገድ ቀድሜህ ያለፍሁ ነኝና ስማኝ።

1. የማብቂያውን ቀን እወቅ። ጃንጎ በየ8 ወሩ ገደማ አዲስ ስሪት ያወጣል። ተራው ስሪት ጥገና የሚያገኘው ለ16 ወር ያህል ነው፤ ኤልቲኤስ (የረጅም ጊዜ ድጋፍ) የሚባለው ግን 3 ዓመት ይጠበቃል። ከኤልቲኤሶቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ 3.2 ከ2021 እስከ 2024፣ 4.2 ከ2023 እስከ 2026፣ 5.2 ከ2025 እስከ 2028፣ ሁሉም ከኤፕሪል እስከ ኤፕሪል። የሚሞትበት ቀን ገና ሲወለድ ተነግሮ እያለ «አላወቅሁም» ማለት አያዋጣም።

2. «እየሠራ ነው» በሚል አትዘናጋ። ድጋፉ ያበቃ ስሪት በማግስቱ አይቆምም፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው። የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ ጥገናው የሚወጣው ለሚደገፉት ስሪቶች ነው። ማስታወቂያውን ግን ሁሉም ያነበዋል፤ ሌባም ጭምር።

3. ዕዳ አታከማች። ጃንጎ 1.11 ፓይተን 2.7ን የደገፈ የመጨረሻው ስሪት ነበር። ፓይተን 2 በ2020 መግቢያ ላይ ተዘጋ፤ 1.11ም በዚያው ዓመት ኤፕሪል ተከተለው። እኔና ባልደረቦቼ ግን «ከበጀት በኋላ» እያልን ማሻሻሉን አሳደርነው። በመጨረሻ ስንነሣ ቋንቋውን፣ ፍሬምወርኩንና ፓኬጆቹን በአንድ ጊዜ መቀየር ግድ ሆነ። ስህተት በመጣ ቁጥር ከየትኛው እንደመጣ መለየት አቃተን።

4. አትዝለል። ከ3.2 ተነሥተህ 5.2 ልትደርስ ካሰብህ በ4.0፣ በ4.1፣ በ4.2 እያልህ አንድ በአንድ ውጣ። ጃንጎ አንድን ነገር ከማስወገዱ በፊት ቢያንስ ለሁለት ስሪት ያስጠነቅቃል። ፓይተን ማስጠንቀቂያዎቹን ሁሉ እንዲያሳይህ አዝዘህ ቴስትህን አሂድ፤ የታየውን ሳታጸዳ ወደሚቀጥለው አትለፍ።

5. ቴስት ከሌለህ አስቀድመህ ጻፍ። ቢያንስ ተጠቃሚ የሚገባበትንና ገንዘብ የሚያልፍበትን ሸፍን። የዳታቤዙን ባክአፕ ያዝ፤ መያዝ ብቻም ሳይሆን መልሰህ ጭነህ ሞክረው።

6. ሠሪዎቹን አትማረርባቸው። የጃንጎ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ከልገሳ በሚያገኘው ገንዘብ ጥቂት ሰዎችን ቀጥሮ ያሠራል፤ አብዛኛው ሥራ ግን በበጎ ፈቃድ ነው። አንድ ቀዳዳ ሲደፈን በሚደገፈው ስሪት ሁሉ ላይ ዳግመኛ ይደፈናል። ድጋፍን የሚያሳጥረው የእጅ ማነስ እንጂ የልብ ክፋት አይደለም።

አገሬው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይላል። ዛሬ ማታ ሳትተኛ የፓኬጆችህን ዝርዝር ክፈትና የጃንጎን ቁጥር አንብብ። ከ5.2 በታች ከሆነ ነገ የማብቂያውን ቀን ይዘህ አለቃህ ዘንድ ግባ። ለእኔም ቁጥሩን ላክልኝ።